ጂኦካሺንግ

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ የቦታ ቁጥር እየተመሩ፣ ሌላ ሰው የሸሸገውን ዕቃ ሄዶ መፈለግ ነው። «ጂኦ» በግሪክኛ ምድር ሲሆን «ካሽ» በፈረንሳይኛ የሸሸጉት ነገር ነው። አሜሪካ ሆን ብላ ታዛባው የነበረውን የሲቪል ጂፒኤስ ምልክት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. አጥርታ ለቀቀችው፤ በዚያው ሰሞን ዴቭ ኡልመር ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ሸሽጎ ቁጥሩን አስታወቀ፤ በቀናት ውስጥም ተገኘ። በጨዋታው የተሸሸገውን ሣጥን ያገኘ ሰው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ዕቃ ከወሰደ በምትኩ ሌላ ያኖራል፤ ሣጥኑንም እዚያው ይመልሳል።

ለደብረ ታቦር ከተማና አካባቢዋ ግን እኔ የምመርጠው «ኧርዝካሽ» የሚባለውን ዓይነት ነው። በዚህኛው የሚሸሸግ ዕቃ የለም፤ ቁጥሩ ወደ አንድ የተፈጥሮ ቦታ ይመራል፤ መንገደኛው ቦታውን አይቶ ስለ መሬቱ የቀረበለትን ጥያቄ ይመልሳል። በዚያ አካባቢ ያለው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው፤ ርብና ጉማራም ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ጅብራ በሚበቅልበት በዚያ ተራራ ፕላስቲክ ሣጥን ማኖር አያስፈልግም። የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት ደግሞ ከከተማው በእግር የሚደረስ ነው፤ ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ መነሻ አላውቅም።