«ወላጅ ይዘህ ና»፤ ከትምህርት ቤት ወደ ወላጅ ስለሚላክ ቃል

በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለ ሕንፃው አሠራርና ስለ አገልጋዮቹ ድካም ሌሎች ስለሚጽፉ፥ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ታሪክ ልጽፍ ወደድሁ። ይህችውም ልጆቻችን ከካቶሊክ ትምህርት ቤት በደብተራቸው መካከል አድርገው ወደ ቤት የሚያመጧት፥ የፈተናውን ቀን፥ የበዓሉን ዕረፍት፥ የወሩን ክፍያና የልብሱን ንጽሕና ለወላጅ የምታሳስበው ወረቀት ናት። ዛሬ በብዙ ስፍራ በቴሌግራም ብትመጣም ቃሉ ያው ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለ ወረቀት አናውቅም ነበር። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ሲወጣ፥ ብዙ ጊዜ አባቱን ሳያስፈቅድ ይወጣል፤ ከብት ጠባቂ እንዳይታጣ አባት ይከለክል ነበርና። ከዚያ በኋላ በየደጁ ለምኖ ባገኘው ቁራሽ እየኖረ፥ ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር፥ ሌሊት ግሡን ሲያጠና፥ ወላጁ ስለ እርሱ የሚሰማው ከገበያ ወይም ከንግሥ በዓል ከሚመለስ መንገደኛ ነው። «ልጅህ በሕይወት አለ፤ ጉባኤ ቃናን አልፎ መወድስ ደርሷል» ከተባለ እናት እልል ትላለች፤ መወድስ ምን እንደ ሆነ ግን አታውቅም። ተማሪው ከየኔታ ዘንድ ስለሚያድር የኔታ አባትም እናትም ነበሩ፤ መልእክት የሚጻፍለት ሌላ ሰው አልነበረም።

አቡነ ያዕቆብ፥ ማለት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፥ በ1839 ወደ አገራችን ከገቡ በኋላ በአጋሜ በጓላ ያቋቋሙት ትምህርት ቤትም ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀም። በዚያ ካስተማሩት አንዱ የጎጃሙ ሊቅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1855 በእስራት ሳሉ ዐረፉ። መምህርና ተማሪ በአንድነት ስለሚኖሩ ስደቱም በአንድነት ደረሰባቸው።

እንግዲህ ወረቀቲቱ የተወለደችው ልጅ በየማታው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ትምህርት ቤት ነው። የዚህንም ሥርዓት መነሻ ለመፈለግ ወደ ፈረንሳይ አገር ወደ ሬምስ ከተማ እንሂድ። በዚያ በ1651 ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላሳል ከባለጸጋ ቤት ተወለደ፤ ማኅበሩ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ስለሚያስተምር ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። በ1679 በሬምስ ለድኾች ልጆች ያለ ክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲከፈት ረዳ፤ በኋላም ማዕርጉን ተወ፥ ገንዘቡንም በረኃብ ዘመን ለድኾች አካፈለ። ልጆቹም አስቀድመው በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት በፈረንሳይኛ ማንበብን እንዲማሩ አደረገ።

የዚህ ቅዱስ ጭንቀት ይህ ነበር፦ የሠራተኛው አባት በማለዳ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ልጁም ጠባቂ አጥቶ በጎዳና ይውላል። ስለዚህ ከወንድሞቹ ጋር ባዘጋጀው፥ ካረፈም በኋላ በ1720 በአቪኞን በታተመው የትምህርት ቤት ሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ የወላጅ ነገር ደጋግሞ ተጽፏል። ልጅ ብቻውን አይመዘገብም፤ አባቱ ወይም እናቱ ወይም አሳዳጊው ይዞት ይመጣል፤ በየቀኑና በሰዓቱ እንዲመጣም ወላጁ ይነገረዋል። ልጆቹ ቁርሳቸውን በትምህርት ቤት ይበሉ ነበር፤ ከተረፈውም እንጀራ ለድኻው ባልንጀራ ይሰጥ ነበር። ልጅ በቀረ ጊዜ ደግሞ የቀሩትን እንዲጎበኙ የተሾሙ ተማሪዎች ነበሩ፤ እነርሱም እያንዳንዳቸው በተመደበላቸው ሰፈር ወደ ቤቱ ሄደው ምክንያቱን ይጠይቃሉ፥ የታመመውንም ያጽናናሉ፥ ለመምህሩም ያስታውቃሉ። የዚያን ጊዜ ወረቀቲቱ እግር ነበራት ማለት ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ልብን የሚያስጨንቅ ነገርም አለ። ልጁን ወደ ትምህርት የማይልክ ድኻ ወላጅ ምጽዋት እንዲከለከል ለቆሞሱ ይነገር ተብሏል። ሐሳቡ ለልጁ መልካም እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተራበን አባት በእንጀራ መቅጣት ለእኔ አይዋጥልኝም። ይልቁንም እዚያው ያለው ምክር ይሻላል፤ መምህሩ ልጁ የቀረበትን ምክንያት አስቀድሞ ይመርምር፥ ምክንያቱ የወላጁ ቸልተኝነት ቢሆን ከወላጁ ጋር ይነጋገር፥ መምህሩን ጠልቶ የቀረም ቢሆን መምህሩ ራሱን ያርም ይላል።

ከብዙ ዘመን በኋላ በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች መሆናቸውን አወጀ። በ1983 ለላቲን ሥርዓት የወጣው ሕገ ቀኖናም በቍጥር 796 መምህራን ወላጆችን በፈቃደኝነት እንዲሰሟቸውና የወላጆች ማኅበር ወይም ስብሰባ እንዲቋቋም አዘዘ። ልብ በሉ፤ «ይሰሟቸው» አለ እንጂ «ይጥሯቸው» ብቻ አላለም።

በእኛ አገር ግን «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው ቃል የጥፋት ምልክት ሆኖ ቀረ። ግዕዝ ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ እንዲህ ቢባል ወደ አባቱ መሄድን ፈርቶ ከመንገድ አንድ ሊስትሮ በጥቂት ገንዘብ ተዋውሎ «አጎቴ ነው» ብሎ አመጣው። ሰውዬውም ተግሣጹን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ሲወጣ ግን የዲሬክተሩን ጫማ አይቶ «ልጥረግልዎ?» ብሎ ነገሩን አፈረሰው። ሁላችንም ሳቅን፤ ልጁም ተቀጣ። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ያ ልጅ ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ አሰብሁ። ከዚያ በፊት ወደ ቤቱ የተላኩት ወረቀቶች ሁሉ ወይ ክፍያ የሚጠይቁ ወይ ጥፋት የሚናገሩ ነበሩ፤ ወረቀት በመጣ ቍጥር ዱላ አብሮ ይመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ጊዜ በራሴ እጅ ሁለት መስመር እየጻፍሁ መላክ ጀመርሁ፤ «ልጅዎ ዛሬ ዳዊቱን አሳምሮ ደገመ» የሚል። ከእነዚህ አንዲቱን የተቀበለች ፊደል ያልቈጠረች እናት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቷን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ፤ የጻፍሁት እኔ እንደ ሆንሁ አላወቀችም። አነበብሁላት። «ስንት ብር ይላል?» አለችኝ። ምንም እንደማይጠይቅ ነገርኋት። «እንግዲያውስ እንደ ገና ያንብቡልኝ፥ አባቴ» አለች፤ ልጇንም ጠርታ አጠገባችን አቆመችው።