ይፋግና የጣና ዳርቻ የንግድ ከተሞች

ይፋግ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከከፋና ከጅማ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮና ጎጃምን አቋርጦ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው የሲራራ ንግድ ከሚያርፍባቸው ዋና ገበያዎች አንዷ ነበረች። ስለ ይፋግ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። እንደ ጎንደር ግንብ፣ እንደ ጣና ደሴቶች ገዳማት የሚታይ ነገር ስለሌላት ታሪኳ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ቀርቷል። ይህ መጣጥፍ ግን ይፋግን ለብቻዋ ማየቱ ራሱ ስሕተት ነው ይላል። ይፋግ፣ እንፍራዝ፣ ደሪጣ፣ ቆራጣና ጎርጎራ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የተዘረጋ የአንድ የንግድ ሥርዓት ክፍሎች ነበሩ። ያቆሙትና የያዙትም ክርስቲያኖች፣ ሙስሊሞች፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ነገደ ወይጦዎችና ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች በአንድነት ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ንጽጽር ነገሩን ያቀልለዋል። የኢትዮጵያ አንባቢ ከሐዋርያው ጳውሎስ መልእክታት የሚያውቃት ተሰሎንቄ በ315 ዓመተ ዓለም ገደማ በመቄዶንያው ካሳንድሮስ የተቆረቆረች የግሪክ ወደብ ናት። በከተማይቱ መካከል የሚገኘውን ክብ ሕንፃ ሮቶንዳን በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሮሙ ቄሣር ጋሌሪዮስ አሠራው። ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በኦቶማን ዘመን መስጊድ ተደርጎ መናራ ተጨመረለት፤ ዛሬ ደግሞ የጋራ ቅርስ ነው። በተሰሎንቄ የተለያዩ ሕዝቦች አሻራ በአንድ ግድግዳ ላይ ተደራርቦ ስለሚገኝ ማንም ጎብኚ ባንድ ቀን ያነበዋል። በጣና እንዲህ ያለ ሕንፃ የለም። እዚህ የተለያየ እምነትና ሙያ ያለው ሕዝብ አሻራውን ያሳረፈው ጎን ለጎን በየሰፈሩ፣ በየገበያው፣ በየደሴቱ ነው። ስለዚህ የሚነበበው የዳርቻው ርዝመት ሁሉ እንጂ አንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም።

ይፋግ ከውኃው ጠርዝ ላይ ስላልተቀመጠች ወደብ ልትባል አይገባም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፣ ከተማዋ ከሐይቁ ፈንጠር ብላ ነው የምትገኘው። ምክንያቱ ግን ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። በምሥራቅ በኩል ርብና ጉማራ እየሞሉ በክረምት የፎገራን ሜዳ ረግረግ ያደርጉታል። ከተማ የሚቆመው ውኃ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው፤ ጭነቱም ከዚያ ይወርዳል፣ ወደዚያም ይወጣል። ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ ሲራራው ይቆማል፤ ነጋዴው በየከተማው ተቀምጦ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል። ለአንድ የንግድ ከተማ ባሕርይ ወሳኙ ይህ መቀመጥ ነው። የሚያልፍ መንገደኛ አሻራ አይተውም፤ ለወራት የሚቆይ ነጋዴ ግን ቤት ይከራያል፣ ያገባል፣ የሚሰግድበትን ወይም የሚያስቀድስበትን ቦታ ይፈልጋል፣ ሲሞትም እዚያው ይቀበራል። ወደብነት ዕቃ እጅ የሚለውጥበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ እንግዳ የሚሰነብትበት ቦታ መሆን ከሆነ ይፋግ ወደብ ነበረች።

በመስመሩ የሚጓጓዘው የታወቀ ነው። ከደቡብ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ባሪያ ይመጣል፤ ከሰሜን ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው፣ ከባሕር ማዶም ጨርቃ ጨርቅና ማርትሬዛ ብር ይገባል። አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ነበር፤ ከአፋር በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ነጋድራሶች ቀረጡን ይሰበስቡ ነበር። ከነጋድራሶቹና ከሩቅ ነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች መሆናቸው ለዚህ መጣጥፍ ክርክር ዋና ማስረጃ ነው፤ የክርስቲያኑ መንግሥት ግምጃ ቤት ከመስጊድ ጎረቤት በሚሰበሰብ ቀረጥ ይሞላ ነበርና።

ከይፋግ ወደ ሰሜን ጥቂት ተጉዞ የሚገኘው እንፍራዝ የዚህን ኑሮ ግልጽ ምስክር ይዟል። በ1700 ዓ.ም. አካባቢ በታላቁ ዐፄ ኢያሱ ዘመን ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እንፍራዝን ጎብኝቶ፣ ሙስሊሞች እምነታቸውን በይፋ የሚፈጽሙባትና ቤቶቻቸው ከክርስቲያኖች ቤት ጋር የተቀላቀለባት ከተማ መሆኗን ጽፏል። የባሪያና የዝባድ ንግድ እንደሚደራባት፣ ዝባዱን ለማግኘትም ነጋዴዎች በርካታ ጥርኞች እንደሚያረቡ ገልጿል። የዚህ ምስክርነት ክብደት የሚታወቀው ከዚያ በፊት ከነበረው ሕግ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። እስላም ቤት የሚባለው የጎንደር የሙስሊሞች ሰፈር ታሪክ ከዚሁ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከመዲናዪቱ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ የንግድ ከተማ ውስጥ ቤቶች ተቀላቅለው ተገኙ። አዋጅ ሰፈርን ሊለይ ይችላል፤ ገበያ ግን የራሱ ሕግ ነበረው።

ከእንፍራዝ በላይ፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያይ ጉብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል። የተለመደው ታሪክ ግንቡን ከ1563 እስከ 1597 ለነገሡት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል፤ በዚህም ከፋሲል ግንብ በፊት የተሠራ የግንብ ቤተ መንግሥት ይሆናል። ይህን የሚጠራጠሩ የሥነ ሕንፃ አጥኚዎች አሉ፤ በኖራ የታሰረ ግንብ በአካባቢው የተስፋፋው ከ1620ዎቹ ወዲህ ነውና ጉዛራ የፋሲለደስ ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ክርክሩ በመረጃ እስኪዘጋ ድረስ የሠርፀ ድንግልን ስም ማውሳት ተገቢ ነው፤ ለዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ግን በየትኛውም በኩል ቢፈታ ውጤቱ አንድ ነው። ቀደም ብሎ ከተሠራ፣ የጎንደር ሥነ ሕንፃ ሥር በዚህ ዳርቻ ላይ ነው። ዘግይቶ ከሆነም፣ በሱስንዮስ ዘመን ከህንድና ከግብፅ በመጡ ግንበኞች እጅ የታወቀው ጥበብ ወዲያው የአገሬው ሀብት ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ጥበብ በግልጽ የሚታየው በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ሲቀበሉ፣ የእምነቱ ዋና ሰባኪ የነበረው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ሞተ። ማርያም ግምብ የሚባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም አለ፤ በቅርቡ ደግሞ የደብረ ሲና ማርያም ጥንታዊ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከነሥዕሏ ትገኛለች። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከ2006 ጀምሮ በኢየሱሳውያኑ ቦታዎች ባካሄዱት ቁፋሮ የፖርቱጋል፣ የህንድና የአገር ውስጥ አሠራር የተዋሐደበትን ሥነ ሕንፃ በዝርዝር አጥንተዋል። ታሪኩ ግን በመዋሐድ ብቻ አልተፈጸመም። ለውጡ ብዙ ደም አፍስሶ፣ በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀው የቀድሞው እምነት ተመለሰ። በተቃውሞው ግንባር የቆመችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ማኅበሯን በዚሁ ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች ላይ አደራጅታ በ1642 አረፈች፤ ገድሏም በ1672 ተጻፈ። በምሥራቁ ዳርቻ ያለችው የቆራጣ ከተማ በእርሷ ስም የከበረ ደብር አላት። በዚያ ሐይቅ ላይ የካቶሊክን እምነት ያመጡትም፣ የተቃወሙትም በታንኳ ቀዝፈዋል። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ኖራው ግን ቀረ፤ ፋሲለደስም ቤተ መንግሥታቸውን ያቆሙት በዚያው ጥበብ ነው። ያባረሩትን ሰው ጥበብ መያዝ የማያሳፍራቸው መሆኑ የነዚያን ሰዎች ብልህነት ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ሌላ ተቃውሞ አለ፦ የውጭ እጅ ይህን ያህል ከተወሳ የኢትዮጵያውያን ሥራ ያንሳል የሚል። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ የጎንደርን ግንቦች በደፈናው የፖርቱጋሎች ሥራ አድርገው የጻፉ ብዙዎች ነበሩ፤ የፋሲል ግንብ ግን ኢየሱሳውያኑ ከአገር ከወጡ በኋላ የተሠራ ነው። መልሱ የውጭውን እጅ መካድ ሳይሆን የአገሬውን እጅ በስሙ መጥራት ነው። በጎንደር ዘመን ግንበኝነትና አናጢነት ከያዙት ሰዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል፤ በብረትና በሸክላ ሥራም የታወቁ ነበሩ። ሐይቁን የሚያሻግረውን፣ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ ደግሞ በዋናነት የሚያበጁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። የደሴቶቹ ገዳማት እህል፣ መጽሐፍ፣ ንዋየ ቅድሳት፣ አልፎ ተርፎ የነገሥታት አስከሬን የተሻገረው በታንኳ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ ያረፉት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ወደ ደሴቱ የሄደበት ሌላ መንገድ የለም። ታንኳ ውኃ ጠጥቶ በአጭር ጊዜ ይበሰብሳልና በቤተ መዘክር የሚቀመጥ የጥንት ታንኳ አይገኝም። ቅርሱ ዕቃው ሳይሆን እስከ ዛሬ ያልተቋረጠው ሙያ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ብዝኃነት የሚለው ቃል ያለፈውን ያሳምረዋል፤ በገበያው ሰው ይሸጥ ነበር፤ ቤተ እስራኤላውያን ርስት ተነፍገው በቡዳነት ይታሙ ነበር፤ ነገደ ወይጦዎች ጉማሬ በመብላታቸው ተገልለው፣ ቋንቋቸው እስኪጠፋ ድረስ ከማኅበረሰቡ ጠርዝ ላይ ኖረዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በማናቸውም የይፋግ ታሪክ ውስጥም መጻፍ አለበት። ሆኖም አብሮ መሥራት የእኩልነት ማስረጃ ነው ያለ የለም። ክርክሩ፣ እኩል ሳይሆኑ የሠሩት ሥራ የእነርሱም መሆኑ እንዳይካድ ነው። ግንቡ በንጉሡ ስም ተጠራ፣ ደሴቱ በጻድቁ ስም ተጠራ፤ ድንጋዩን የጠረበውና ታንኳውን የቀዘፈው ስም አጣ። በደሉን በዝምታ ማለፍም ሆነ ድርሻውን መርሳት ያንኑ በደል ማስቀጠል ነው።

የንግድ ከተሞቹ ውድቀት ፈጣን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻ ዘመናቸው በ1866 ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ የአካባቢው ንግድ ተናጋ። በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤን ተከትሎ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ማዘዛቸው እንደ ደሪጣ ያሉትን፣ ሕይወታቸው በሙስሊም ነጋዴዎች ላይ የቆመ ከተሞችን ክፉኛ መታ። በ1888 ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አቃጠሉ፤ የመተማ በር ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ጀመረ። ሰላም ሲመለስ ንግዱ ፊቱን ወደ ሸዋና ወደ ጅቡቲ አዙሮ ነበር፤ በ1917 ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የድሮው መስመር ዋጋ አጣ። ጣልያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ዘመን ባሕር ዳርንና ጎርጎራን የሞተር ጀልባ ወደብ ሲያደርግ ይፋግ በዚህ አዲስ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላገኘችም።

ዛሬ የዳርቻው ቅርሶች ዕጣ እኩል አይደለም። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በፋሲል ግቢ ስም የሰፈረው ዝርዝር ከጎንደር ከተማ ውጭ ያሉትን የጉዛራን ግንብና የጎርጎራውን ማርያም ግምብ ያካትታል፤ ይህን የሚያውቅ ጎብኚ ግን ጥቂት ነው፤ ከአውራ ጎዳናው ዳር ሆኖ ጉዛራን ሳያይ የሚያልፈው ይበዛል። ሐይቁ በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከ2011 ወዲህ የታየው የእንቦጭ አረም ግን ክፉኛ የያዘው ይፋግ ያለችበትን ይህንኑ ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። አረሙ የዓሣ አስጋሪውንና የታንኳውን መንገድ ይዘጋል፤ ታንኳው ሲቀር ሙያው ይቀራል። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ግዙፍ ያልሆነ ቅርስም ቅርስ ነው፤ ስለዚህ የነገደ ወይጦዎችን የታንኳ ሙያ መመዝገብ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። የይፋግና የደሪጣ የድሮ ገበያ ሜዳዎች፣ የሙስሊም ነጋዴዎች መቃብሮች፣ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ሥፍራዎችም የመሬት ላይ ጥናት ያስፈልጋቸዋል። ሥራው ቁፋሮ ሳይሆን በእግር ተዘዋውሮ ቦታን ለይቶ በካርታ ላይ ማስፈር ነው፤ አሮጌው የገበያ ሜዳ የት እንደነበረ የሚያሳዩ ሽማግሌዎችም በየመንደሩ በሕይወት ሳሉ ሊጀመር የሚገባው ነው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮና የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ክፍሎች ይህን በጋራ ቢጀምሩ፣ ቀጣዩ የይፋግ መጣጥፍ ከተጓዦች ማስታወሻ ይልቅ ከራሷ መሬት በተገኘ ማስረጃ ላይ ሊቆም ይችላል።