ከሴት ገጸ ባሕርይ እስከ «አባባ»፦ የተስፋዬ ሣህሉ የተዋናይነት ጉዞ

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴያትር ታሪክ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ የደራስያንና የአዘጋጆች ስም በሰፊው ይወሳል። የተዋንያን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተደርድሮ ይታለፋል። በዚህ ረገድ የተስፋዬ ሣህሉ ዕጣ ለየት ያለ ነው። እኚህን ሰው የማያውቅ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ይሁን እንጂ የሚታወቁት «አባባ ተስፋዬ» ተብለው በቴሌቪዥን የልጆች ጊዜ ተረት ነጋሪነታቸው ነው። ዝናው ተዋናዩን ሸፈነው። ስለዚህም ያ ተረት ነጋሪ ከየት እንደ መጣ መመርመር ለኪነ ጥበብ ታሪካችን የሚጠቅም ይመስለናል።

ተስፋዬ ሣህሉ በሰኔ ወር 1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ የደረሰው ገና በልጅነታቸው ነበር። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴያትር ክፍል ውስጥ ከተሰባሰቡት ወጣቶች አንዱ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ በመድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ ደራሲው የጻፋትን ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ልማዱ በሌላም ዓለም የታወቀ ነው፤ በሼክስፒር ዘመን በእንግሊዝ አገር የሴቶቹን ክፍል ልጆችና ጎረምሶች ይጫወቱት ነበር፤ በጃፓን የካቡኪ ቴያትርም ወንዶች ይህንኑ እንደ ልዩ ሙያ ይዘውት ኖረዋል። በእኛም አገር እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁ መድረኩን ደፍረው እስኪረግጡት ድረስ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ሴት ሆነው ከሚተውኑት መካከል ተስፋዬ ሣህሉ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ሲነገር ያስቃል። ነገር ግን ተዋናይን በብርቱ የሚፈትን ትምህርት ቤት ነበር። ተዋናዩ የራሱን ድምፅ፣ የራሱን እርምጃ፣ የእጁን አወራወር ሳይቀር ትቶ የሌላ ሰው ማድረግ ነበረበት፤ ካላመነው ተመልካቹ ይስቅበታል፤ ልቅሶ የሚያሻው ትዕይንትም በዚያው ይበላሻል። የተስፋዬ ሣህሉ ሁለገብነት የተቀረጸው እንዲህ ባለው ፈተና መሆኑን ማስተዋል ያሻል።

ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ በዘመተበት ወቅትም ወታደሩን ለማዝናናት ወደዚያው ሄደው ነበር። ዘፈኑን፣ ቀልዱንና ምትሀቱን አንድ ላይ ይዘው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ ኋላ ብሔራዊ ቴያትር የተባለው፣ በኢጣልያኖች ዘመን ለሲኒማ ተብሎ በተጀመረው ሕንጻ ሥራውን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ጋር ገቡ። «ኦቴሎ» እና «ሀ ሁ በስድስት ወር» በዚያ መድረክ ከተጫወቱባቸው ቴያትሮች መካከል ናቸው።

በጥቅምት 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን በአዲስ አበባ ጀመረ። ተስፋዬ ሣህሉም የልጆችን ጊዜ ያዙ። ይህን እርምጃ ከእውነተኛው የትወና ሙያ እንደ መውጣት አድርገው የሚያዩት አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። መድረክ ላይ ተዋናይ የሚረዳው ብዙ ነገር አለ፤ ባልደረባው መልስ ይሰጠዋል፤ አልባሳቱና መጋረጃው ቦታውን ይነግሩለታል። እኚህ ሰው ግን በካሜራው ፊት የነበራቸው አንድ ወንበርና በዙሪያው የተቀመጡ ልጆች ብቻ ነበሩ። ጅቡ እርሳቸው ናቸው፤ ጦጣይቱም እርሳቸው፤ የተታለለው አንበሳም፣ በጎጆዋ ሆና የምታለቅሰው አሮጊትም እርሳቸው ናቸው። ካሜራ ፊትን አቅርቦ ስለሚያሳይ ለሰፊ አዳራሽ የተለመደው ትልቅ እንቅስቃሴ በዚህ ቦታ አይሠራም፤ ቅንድብን ከፍ ማድረግ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ከቃል በፊት ጥቂት ዝም ማለት ይበቃል። አሮጊቷ ስትናገር ድምፁ የሚሳሳው፣ ትከሻውም የሚጠበው፣ ቀድሞ በማዘጋጃ ቤት መድረክ ሴት ሆኖ መተወንን በተማረው ሰውነት ነው። «አባባ» የሚለውም ስም ራሱ ገጸ ባሕርይ ነበር ለማለት እንደፍራለን፤ ሥራውን ሲጀምሩ የአርባ አንድ ዓመት ጎልማሳ የነበሩት ተዋናይ ሽማግሌውን እየተጫወቱ በእውነትም ሸመገሉ። በዓለም የትወና ታሪክ አንድን ገጸ ባሕርይ ይህን ያህል ዘመን የያዘ ተዋናይ ብዙ አይገኝም።

ሥርጭቱ በመጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም ነበር። እንደ ወላይታ ሶዶ ባሉ ከተሞች የሚኖር ልጅ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» የሚለውን ሰላምታ ለመስማት ሥርጭቱ ወደ ክፍላተ ሀገር እስኪስፋፋ መጠበቅ ነበረበት። ሲደርሰውም በአማርኛ ብቻ ነበር፤ ያንኑ ጅብና ያንኑ ጦጣ ማታ ማታ ከአያቱ በወላይትኛ ያውቃቸዋል። ይህ የዝግጅቱ ጉድለት ነበር፤ ጥፋቱ የተዋናዩ ሳይሆን የዘመኑ የሥርጭት መመሪያ ነው። ቢሆንም ቋንቋውን ገና ያልለመደ ሕፃን ተረቱን ከፊታቸውና ከድምፃቸው ሊከተለው መቻሉ ስለ ትወናቸው ጥራት አንድ የሚናገረው ነገር አለ።

ዘውዱ ወደቀ፤ ደርግ መጣ፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግም ሄደ። ሹማምንቱና መፈክሮቹ ሲለዋወጡ የልጆቹ ወንበር በቦታው ቆየ። የመድረክ ሥራቸውን የቃኘ ጽሑፍ ግን ከዝናቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዘመን የስቱዲዮ ዝግጅት በአብዛኛው በቀጥታ ይተላለፍ ስለ ነበር ተመራማሪው ዛሬ ብዙ የሚያየው ነገር የለም፤ ሴት ሆነው የተጫወቱባቸው የማዘጋጃ ቤት ምሽቶችማ የቀሩት በተመልካቹ ትዝታ ብቻ ነው፤ ያም ተመልካች አልቋል ማለት ይቻላል።

ከ42 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ተስፋዬ ሣህሉ ከቴሌቪዥኑ ተሰናበቱ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፎ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ያለቀሱላቸው፣ ራሳቸው አያት የሆኑ የቀድሞ ልጆች ነበሩ።