መስመሩ ተይዟል

ሰሞኑን ዕድሜው ገና ሃያ ያልሞላ የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ድሮ ኢንተርኔት ስትጠቀሙ የቤቱ ስልክ አይሠራም ነበር የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እውነት ነው» ብዬው ላልፍ ነበር። ይሁንና በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለቤቴ የኢንተርኔት መስመር ለመምረጥ ስል ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሬ ያሰላሁት ሂሳብ ትዝ አለኝ። በአንደኛው ዓምድ «ዳያል አፕ»፣ በሁለተኛው «አይ.ኤስ.ዲ.ኤን.» ተጽፎ ነበር። በጊዜው የአንድ ቤት የወር ወጪ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን በአገራችን ማን ከማን ጋር እንዲነጋገር እንደሚፈቀድና ይህንንም ማን እንደሚወስን የሚናገር ወረቀት ሆኖ ይታየኛል።

ለወጣቱ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል። ዳያል አፕ ማለት ኮምፒውተሩ እንደ ሰው ስልክ ደውሎ የሚገናኝበት ዘዴ ነው። ሞደም የኮምፒውተሩን መልእክት ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፤ ያም ድምፅ የሰው ንግግር በሚያልፍበት በዚያው የመዳብ ሽቦ ይጓዛል። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነው፤ ሽቦው ያረጀ ከሆነ ግማሹም ላይገኝ ይችላል። አንድ ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ለማውረድ በ56 ኪሎቢት ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ በግማሹ ፍጥነት ደግሞ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስልኩ ተይዟል።

አይ.ኤስ.ዲ.ኤን. በዚያው ሽቦ ላይ እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት የሚያስተላልፉ ሁለት መንገዶችን ይከፍታል። ሁለቱን አጣምሮ በ128 ኪሎቢት መሥራት፣ አለዚያም በአንዱ ኢንተርኔት እየተጠቀሙ በሌላው ስልክ ማነጋገር ይቻላል። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የራሱ የሆነ መሣሪያም ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ የሰፈሩ የስልክ ማዕከል ዲጂታል መሆን፣ ቤቱም ከማዕከሉ እጅግ ያልራቀ መሆን አለበት። አምስትና ስድስት ኪሎሜትር ሲያልፍ መስመሩ ይደክማል።

የእኔን ምርጫ ከባድ ያደረገው ፍጥነቱ አልነበረም። አክስቴ እታለም የምትኖረው አምባራስ ነው። አምባራስ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጡ፣ በሳንቃበርና በጨነቅ አቅጣጫ የምትገኝ፣ ገብስ የሚበቅልባት ብርዳም የደጋ መንደር ናት። በዚያን ጊዜ እታለም እኔን ለማግኘት ከሌሊት ተነሥታ ወደ ደባርቅ መውረድ፣ እዚያም ስልክ ለመደወል ወረፋ መጠበቅ ነበረባት። ስለዚህ በዳያል አፕ ዓምድ ሥር «ርካሽ» ከሚለው ቃል ቀጥዬ «እታለም ስትደውል ስልኩ ቢያዝስ?» ብዬ ጽፌ ነበር። ያም ሆኖ ኪሴ ፈረደ፤ ዳያል አፕን መረጥሁ። ለማካካሻም በገበያ ቀን እስከ ቀትር ድረስ ሞደሙን ማንም እንዳይነካ የቤት ሕግ አወጣሁ።

ወደ ራሴ ታሪክ ከመመለሴ በፊት፣ ይህቺ ሽቦ ከየት ተነሥታ ቤቴ እንደ ደረሰች ላውጋ።

የመጀመሪያው ረጅም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 መዘርጋት የጀመረው ሐረርን ከአዲስ አበባ ለማገናኘት ነበር፤ ርዝመቱ 477 ኪሎሜትር ነው። የንግድ በሩን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ያያያዘ መስመር ነበረና፣ ገና ከጅምሩ ስልክ የመንግሥት ጆሮ ሆኖ ተወለደ ማለት ይቻላል። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሥራውን ያዘ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋወጡ፤ የመሥሪያ ቤቱም ስም ተለዋወጠ፤ አገልግሎቱ ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በአንድ እጅ እንደ ተያዘ ቆየ።

ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያስተላልፍ የነበረው አዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነበር። ፓዲስ በተባለው ክፍሉ አማካይነት ደብዳቤዎቹ ይጠራቀሙና በስልክ ወደ ለንደን ይላኩ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። ሙሉ ኢንተርኔት እንዲገባ ደግሞ ዶክተር ዳዊት በቀለ የመሩት፣ «ባይት» በሚል ምሕጻር የሚታወቅ የምሁራንና የባለሙያዎች ቡድን ብዙ ደከመ። በመጨረሻም አገልግሎቱ በታኅሣሥ 1989 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1997 መባቻ፣ በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ተጀመረ። አገሪቱን ከዓለም ያገናኘው የመጀመሪያው መስመር አቅም በሰከንድ 256 ኪሎቢት ነበር። እስኪ ይህን ቁጥር ከላይ ካየነው ጋር እናስተያየው፤ አይ.ኤስ.ዲ.ኤን. ያላቸው ሁለት ቤቶች ሙሉ አቅማቸውን ቢጠቀሙ የመላ ኢትዮጵያን መስመር ይጨርሱት ነበር ማለት ነው!

በዚያው ሰሞን በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት ነበር? አሜሪካን ኦንላይን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 በወር 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ያለ ሰዓት ገደብ መጠቀም እንዲቻል አደረገ። በአሜሪካ የአካባቢ ጥሪ በአብዛኛው ለብቻው ስለማይታሰብ፣ ዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን ሌሊቱን ሙሉ ተገናኝቶ ቢያድር ሂሳቡ አይንቀሳቀስም ነበር። በጀርመን ደግሞ አይ.ኤስ.ዲ.ኤን. የተራ ሰው ቤት መስመር እስከ መሆን ደርሶ ነበር። እኛ ዘንድ ግን የስልኩም የኢንተርኔቱም ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ስለ ኢትዮጵያ የሚጻፈውን ፍራንክፈርትና ዋሽንግተን ያለው እየተዝናና ሲያነብ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰዓቱን እያየ ያነብ ነበር።

በዚህ ላይ ፊደላችን የራሱ ቀረጥ ነበረበት። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ተስማሚ ፊደል አልነበረውም፤ «ኒያላ» የተሰኘው ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ የሚለጠፈው እንደ ፎቶግራፍ በምስል መልክ ነበር። ሁለት ሺሕ ፊደል ያለው አንድ ገጽ በዩኒኮድ 6 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ በ56 ኪሎቢት መስመር አንድ ሰከንድ አይሞላውም። ያው ገጽ 200 ኪሎባይት የሚመዝን ምስል ሲሆን ግማሽ ደቂቃ፣ በደካማ መስመር አንድ ደቂቃ ይፈጃል። በገዛ ቋንቋው የሚያነብ ሰው በእንግሊዝኛ ከሚያነበው አብልጦ ይከፍል ነበር።

አሁን ወደ ቤቴ ታሪክ ልመለስ። በ1997 ዓ.ም. ክረምት አንድ ማለዳ፣ የገበያ ቀን ባልሆነበት ዕለት፣ አንድ ረጅም የፖለቲካ ጽሑፍ ከባሕር ማዶ አግኝቼ እንዲያ በምስል የተለጠፉ ገጾችን አንድ በአንድ አወርድ ነበር። ከምርጫው በኋላ የነበሩትን ሳምንታት የሚያስታውስ ሰው ጥማቴን ይረዳልኛል። የእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ በመስከረም 2000 ዓ.ም. ነው። እኔም ዓለም ስለ አገሬ ምን እንደሚል ለማወቅ ከሁለት ሰዓት በላይ መስመሩን ይዤ ቆየሁ።

በዚያው ሰዓት እታለም ደባርቅ ነበረች። እንደምታውቁት መርዶ በስልክ አይነገርም። «አጎትህ ታሟል፤ ድረስ» ለማለት ነበር የወረደችው። ደጋግማ ደወለች፤ መልሱ ያው ነው፤ መስመሩ ተይዟል። መንገዱ ሩቅ ነውና ሳይመሽባት ተመለሰች። ወሬው በአውቶቡስ መንገደኛ አፍ እኔ ዘንድ ሲደርስ አራት ቀን አልፎት ነበር። እስከ ጎንደር ሁለት ቀን ተጉዤ፣ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ አምባራስ ስደርስ ቀብሩም ሠልስቱም አልፏል። እታለም አልተቆጣችኝም። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ከማን ጋር ስታወራ ነበር?» ብቻ አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ የለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላላክክም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ከእኔ ሁለት ዓምዶች አምባራስ በየትኛው ውስጥ ነበረች? በየትኛውም! እኔ በርካሹና በውዱ መካከል ስመርጥ፣ እርሷ ለምርጫ የሚቀርብ ሽቦ እንኳ አልነበራትም። የእኔም ምርጫ ቢሆን ስንዝር ታህል ነበር። ዓምዶቹ ሁለት ቢሆኑም ሻጩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍን ከለከለ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ደግሞ በርካታ የፖለቲካ ጦማሮች ከአገር ውስጥ እንዳይታዩ ተዘጉ። ዳያል አፕም ይሁን አይ.ኤስ.ዲ.ኤን.፣ በሩ አንድ ነበርና በሩን የዘጋ ሁሉንም ዘጋ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መንግሥት ገጠሩን ጨርሶ ረስቶት ነበር አልልም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን፣ ስኩልኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አገናኝቷል። ሆኖም ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ወረዳኔት ከማእከል መመሪያ ያወርዳል፤ በስኩልኔትም በፕላዝማው ያለው መምህር ይናገራል፣ ተማሪው ያዳምጣል። እታለም የምትናገርበት መስመር ግን ተራው አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. መጣ፤ ከቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ጋር በተደረገው ስምምነት ኔትወርኩ ሰፋ፤ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። አይ.ኤስ.ዲ.ኤን. በየቤቱ ሳይገባ ዘመኑ አለፈበት፤ አብዛኛው ሕዝብ ከምንም ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሞባይል ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ለተወዳዳሪ ከፈተ፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገር አቀፍ አገልግሎቱን ጀመረ። እንግዲህ ሻጩ ሁለት ሆነ፣ የእታለም ልጆችም በኪሳቸው ስልክ ያዙ፣ ችግሩ ተፈታ ብለን ነበር።

ዓመት ሳይሞላው፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ቀጠለ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተዘግቶ፣ ቤተሰብ የቤተሰቡን ሞት በወራት ልዩነት የሰማበትን ጊዜም አንርሳ። ከእነዚህ ዓመታት የተማርነው የሻጭ ቁጥር መብዛት ብቻውን ምርጫ እንደማይሆን ነው። መስመሩን የሚዘጋው ሥልጣን በሕግ እስካልተገራ፣ «ለምን? እስከ መቼ? በማን ትእዛዝ?» ብሎ ፍርድ ቤት መጠየቅ እስካልተቻለ ድረስ፣ የትኛውንም ጥቅል ብንገዛ የምንገዛው በይሁንታ የሚሠራ መስመር ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ፣ «ታዲያ ያኔ ይሻል ነበር ወይስ አሁን?» አለኝ። ፍጥነቱ የሚወዳደር አይደለም፤ አሁን ይሻላል አልኩት። ያኔ መስመሩን የያዝኩት ራሴ ነበርኩና ሞደሙን ብነቅለው ኖሮ የእታለም ስልክ ይገባ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን በእኔም በእርሷም እጅ የሚነቀል ነገር አልነበረም።

ቸር ያሰማን።