የፋሲል ከነማ አስተዳደርና የአጋማሽ ዓመት ውሳኔዎች

ፋሲል ከነማ ስፖርት ክለብ በጎንደር ከተማ የሚገኝ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ደጋፊዎቹ «አፄዎቹ» ብለው ይጠሩታል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፏል። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ባሉት ሁለት የውድድር ዓመታት ክለቡ ውድድሩ ገና እየተካሄደ ሳለ ዋና አሰልጣኙን ቀይሯል። የውድድር ዓመት አጋማሽ ክለቦች የመጀመሪያውን ዙር ውጤት መዝነው ቡድናቸውን የሚያስተካክሉበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ማን እንደሚወስን፣ ምን መወሰን እንደሚቻልና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የፋሲል ከነማ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ስምና አመጣጥ

ክለቡ የተመሠረተው በ1960 ዓ.ም. ነው። ስሙን ያገኘው ጎንደርን መናገሻ ካደረጉት ከዐፄ ፋሲለደስ ሲሆን፣ የሜዳው ስምም ፋሲለደስ ስታዲየም ነው። «ከነማ» የሚለው ቃል «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የተወሰደ ምሕጻር ነው። እነዚህ ማኅበራት በደርግ ዘመን በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በየቀበሌው የተቋቋሙ ናቸው። በመላው አገሪቱ ብዙ የከተማ ክለቦች ይህን ስም ይዘው ቆይተዋል። ስሙ የክለቡን ባሕርይም ያመለክታል፤ ፋሲል ከነማ የአንድ ባለሀብት ንብረት ሳይሆን የከተማ ክለብ ነው።

ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው የጎንደር ክለብ ዳሸን ቢራ ከሊጉ ወርዷል፤ በኋላም ፈርሷል። ዳሸን ቢራ የፋብሪካ ክለብ ስለነበር ህልውናው በባለቤቱ ድርጅት ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያ ወዲህ በከፍተኛው ሊግ ጎንደርን ወክሎ የቀረው ፋሲል ከነማ ብቻ ነው።

ውሳኔ ሰጪዎች

በኢትዮጵያ ከተማ አስተዳደሮች የሚደግፏቸው ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ በቦርድ ይመራሉ። የቦርዱ አባላት ከከተማው አስተዳደር፣ ከንግዱ ማኅበረሰብና ከደጋፊዎች የሚመጡ ናቸው። የዕለት ተዕለት ሥራው በሥራ አስኪያጁ እጅ ሲሆን፣ የትኛው ተጫዋች ይፈረም፣ የትኛውስ ይሰናበት የሚለውን ሐሳብ በአብዛኛው የሚያቀርበው ዋና አሰልጣኙ ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው ደግሞ ቦርዱ ነው።

ይህ አሠራር አንድ ችግር አለው። ተጫዋቾችን የመረጠው አሰልጣኝ ሲሰናበት የመረጣቸው ተጫዋቾች ውል ግን ይቀጥላል። ተተኪው አሰልጣኝ ሌላ ሰው የሠራውን ቡድን ይረከባል፤ የራሱን ሰዎች ለማምጣትም ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃል። በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ይህን ክፍተት የሚሞላው ከአሰልጣኙ ተለይቶ የዝውውር ሥራን የሚመራ ስፖርት ዳይሬክተር ነው። አሰልጣኝ ቢሄድም የክለቡ ዕቅድ በእርሱ አማካይነት ይቀጥላል።

የዝውውር ሕግ

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በአንድ የውድድር ዓመት ሁለት የዝውውር መስኮቶች እንዲኖሩ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ውድድር ከመጀመሩ በፊት የሚከፈተው ረጅሙ መስኮት ነው። ሁለተኛው በአጋማሽ ዓመት የሚከፈተው አጭሩ መስኮት ነው። የኢትዮጵያ ሊግ ብዙውን ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት መካከል ተጀምሮ በሰኔ አካባቢ ስለሚያበቃ፣ ሁለተኛው መስኮት የሁለተኛው ዙር ጨዋታዎች ከመጀመራቸው በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይውላል።

በአጋማሽ ዓመት የክለቦችን እጅ የሚይዙ ሌሎች ደንቦችም አሉ፦

አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዓመት ለሦስት ክለቦች ሊመዘገብ ይችላል፤ በይፋዊ ጨዋታ መሰለፍ የሚችለው ግን ለሁለቱ ብቻ ነው።

ክለብም ሆነ ተጫዋች በውድድር ዓመቱ መካከል ውልን በአንድ ወገን ማፍረስ አይችሉም። የጋራ ስምምነት ወይም በቂ ምክንያት ያስፈልጋል።

ክለብ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፍል ከቀረ ተጫዋቹ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፤ ቢያንስ 15 ቀን ጠብቆም ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል።

የተጫዋቹ ፈቃድ ሳይኖር ዝውውር የለም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አላቸው። ደመወዝ በዘገየበት ክለብ ውስጥ በአጋማሽ ዓመት የሚወስነው ክለቡ ብቻ አይደለም። ተጫዋቹም ሕጉን ይዞ መውጣት ይችላል።

ወደ ዋንጫው የተደረገው ጉዞ

በ2011 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ እስከ መጨረሻው ሳምንት ለሊጉ ዋንጫ ተፎካክሯል። ሻምፒዮን የሆነው ግን መቐለ 70 እንደርታ ነበር። በዚያው ዓመት ክለቡ የኢትዮጵያ ዋንጫን አንሥቷል። በዚህም ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አልፎ የታንዛኒያውን አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1ለ0 ቢያሸንፍም፣ በመልሱ ጨዋታ 3ለ1 ተረትቶ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ ቡድኑን የተረከቡት አሰልጣኝ ሥዩም ከበደ ናቸው። የ2012 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። የ2013 ውድድር ከቀደሙት ፈጽሞ የተለየ ነበር። ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር መመራት ከጀመረ በኋላ የቴሌቪዥን መብቱን ለሱፐር ስፖርት ሸጦ ነበር። ጨዋታዎቹም በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተካሄዱ። የትግራይ ክለቦች መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽሬ በጦርነቱ ምክንያት ስላልተሳተፉ የተወዳደሩት 13 ክለቦች ብቻ ነበሩ። ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅና በአዲ አርቃይ አልፎ ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ በጦርነቱ ተዘግቶ፣ በዚያ መስመር የሚገናኙ ከተሞች ክለቦችም በአንድ ሊግ ሊገናኙ አልቻሉም።

በዚያ ዓመት አምበሉ ያሬድ ባየህ፣ ማሊያዊው ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬ፣ አማካዩ ሱራፌል ዳኛቸው፣ ሽመክት ጉግሳና አጥቂው ሙጂብ ቃሲም የነበሩበት ቡድን የሊጉን ዋንጫ ወደ ጎንደር ወሰደ።

የ2014 የአጋማሽ ዓመት ውሳኔ

ሻምፒዮኑ ፋሲል ከነማ በ2014 መጀመሪያ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተገናኘ። ባሕር ዳር ላይ 2ለ2፣ ኦምዱርማን ላይ 1ለ1 ተለያይተው ፋሲል ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ሕግ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄ.ኤስ. ካቢሊ ተዛወረ። ክለቡ ዋና ግብ አግቢውን ያጣው ሊጉ ሊጀመር ሲል ነበር።

በሊጉ የቡድኑ ውጤት የሻምፒዮን ውጤት ሳይሆን ሲቀር ክለቡ በውድድር ዓመቱ መካከል ከአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ ጋር ተለያየ። ከውጭ አዲስ አሰልጣኝ አላመጣም፤ ቡድኑን የሰጠው ለምክትላቸው ለኃይሉ ነጋሽ ነው። ሙጂብ ቃሲምም ከአልጄሪያ ተመልሶ ለሁለተኛው ዙር ቡድኑን ተቀላቀለ።

ሁለቱ እርምጃዎች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። አሰልጣኙም አጥቂውም ቡድኑን አስቀድመው የሚያውቁ ነበሩ። በአጭር የዝውውር መስኮት የመጣ አዲስ ሰው ለመላመድ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ሳምንታት ብዙ አይደሉም። ፋሲል ከነማ ደረጃውን አሻሽሎ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እስከ መጨረሻው ሳምንት ተፎካከረ፤ በመጨረሻም ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በዚያው የአጋማሽ ዓመት ወቅት ኢትዮጵያ ቡና ሌላ ዓይነት ውሳኔ ወስኗል። በ2013 ዓ.ም. በ29 ግቦች የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ የነበረውን አቡበከር ናስርን ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ለመሸጥ ተስማማ፤ ተጫዋቹ ግን የውድድር ዓመቱን በቡና ጨርሶ እንዲሄድ ተደረገ። በዚህ መንገድ ክለቡ የዝውውሩን ገንዘብ አገኘ፤ ሁለተኛውንም ዙር አጥቂውን ሳያጣ ተጫወተ።

የ2015 ለውጥና ከዚያ በኋላ

በ2014 ክረምት አምበሉ ያሬድ ባየህ ወደ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሙጂብ ቃሲም ወደ ሐዋሳ ከተማ ሄዱ። የሻምፒዮኑ ቡድን ምሰሶዎች አንድ በአንድ ተበታተኑ። በ2015 የውድድር ዓመትም ክለቡ እንደገና በመካከል አሰልጣኝ ቀየረ፤ በኃይሉ ነጋሽ ምትክ አሸናፊ በቀለ ተሾሙ። የዚያ ዓመት ዋንጫም የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነ።

በ2014 የሠራው መድኃኒት በ2015 ያልሠራበት ምክንያት ከአሰልጣኞቹ ችሎታ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በ2014 አሰልጣኙ ሲቀየር ሻምፒዮን የሆነው ቡድን በአብዛኛው በቦታው ነበር። በ2015 ግን ቡድኑ ራሱ ተለውጦ ነበር። የአሰልጣኝ ለውጥ የተዳከመን ስሜት ሊያነሣሣ ይችላል፤ የሄዱ ተጫዋቾችን ቦታ ግን አይሞላም።

ለ2016 ውድድር ክለቡ ቡድኑን ለውበቱ አባተ መልሶ ሰጠ። ውበቱ በመካከሉ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንን ይዘው ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው ነበር። ይህ ሹመት የተሰጠው በክረምት ስለነበር አሰልጣኙ ቡድናቸውን ከመጀመሪያው የመምረጥ ዕድል አግኝተዋል።

ገንዘብና የደመወዝ ጣሪያ

የክለቡ ገቢ ከከተማ አስተዳደሩ ድጋፍ፣ ከስፖንሰሮች፣ ከሜዳ መግቢያ፣ ከደጋፊዎች መዋጮና ከቴሌቪዥን ክፍያ የሚገኝ ነው። ከስፖንሰሮቹ መካከል የጎንደሩ ዳሸን ቢራ ፋብሪካ ይገኝበታል። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ከፋሲለደስ ስታዲየም ይገኝ የነበረው የመግቢያ ገቢ ቀርቷል። በሌላ በኩል የቴሌቪዥን ገንዘብ መጥቷል።

የወጪው ትልቁ ክፍል የተጫዋቾች ደመወዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። ዓላማው በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ክለቦች ከአቅማቸው በላይ እንዳይከፍሉ ማድረግ ነበር። ጣሪያው ከውል ውጭ የሚደረጉ ክፍያዎችን ያበረታታል የሚል ትችት ቀርቦበታል። በኋላ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ክለቦች ለቡድናቸው የሚያወጡትን ጠቅላላ ገንዘብ የሚቆጣጠር መመሪያ አወጣ። በዚህ አሠራር ክረምት ላይ ጣሪያውን የሞላ ክለብ በአጋማሽ ዓመት አዲስ ተጫዋች ለማምጣት የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

ከአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ጋር ሲነጻጸር

በጠቅላላ ወጪ ላይ ጣሪያ ማድረግ በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ነው። በዚያ ሊግ ቡድኖች ተጫዋቾችን በዋናነት የሚያዛውሩት በገንዘብ በመግዛት ሳይሆን ውልን በውል በመለዋወጥ ነው። ልውውጡ በየካቲት ወር የመጀመሪያ ቀናት ገደማ ይዘጋል። የሚወስነው የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው። ውላቸው ይህን የሚከለክል አንቀጽ ካላቸው ጥቂቶች በቀር ተጫዋቾች ፈቃዳቸው አይጠየቅም።

በጥር 2017 ዓ.ም. ዳላስ ማቬሪክስ በቀደመው የውድድር ዓመት ለፍጻሜ ያደረሰውን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን ተቀበለ። ውሳኔው ደጋፊዎችን ክፉኛ አስቆጣ፤ ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰንም በኅዳር 2018 ዓ.ም. ተሰናበቱ። በዳላስ የአጋማሽ ዓመቱ ስሕተት ዋጋ የተከፈለው በሥራ አስኪያጁ ወንበር ነው፤ ተጫዋቾቹን የመረጠው እርሳቸው የሚመሩት ቢሮ ነውና።

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ አይለወጥም፤ የዝውውር መስኮቱ አጭር ነው፤ በጀቱም በዓመቱ መጀመሪያ የተመደበ ነው። ስለዚህ ቦርድ በአጋማሽ ዓመት በቀላሉ ሊቀይረው የሚችለው አንድ ሰው አሰልጣኙን ነው። ፋሲል ከነማ በሁለት ተከታታይ ዓመታት አሰልጣኝ የቀየረውም በዚህ ጠባብ ምርጫ ውስጥ ሆኖ ነው። የአጋማሽ ዓመቱ ውሳኔ የሚያዋጣው ክረምት ላይ የተያዙት ተጫዋቾች ጠንካራ ሲሆኑ መሆኑን የ2014ና የ2015 ልዩነት አሳይቷል።