ስለ ዶዘር ፍሪሲዮን፤ ከመንገድ ሥራ ታሪክ አንድ ገጽ

ከእንጅባራ አጠገብ መንገዱ በዘንገና ሐይቅ በኩል ያልፋል። የጎጃምን መስመር ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለጦር መኪና ተጠቅመውበታል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ብድር ተገኘ፤ አማካሪዎቹም አሜሪካኖች ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን ስለ ዶዘሩ፣ ይልቁንም ስለ አዟዟሩ ጥቂት እንላለን። መኪናው አሜሪካዊ ሲሆን የመካኒኩ ቃል፣ «ፍሪሲዮን»፣ ከጣሊያንኛ መቅረቱም ራሱ ታሪክ ነው።

አሮጌው ዶዘር እንደ አውቶሞቢል ክብ መሪ የለውም። በግራና በቀኝ ሁለት ፍሪሲዮኖች አሉት፤ ነጂው አንዱን እጀታ ሲስብ የዚያ ወገን ሰንሰለት ከሞተሩ ኃይል ይለያል፣ ሌላው እየገፋ ያዞረዋል። ዲስኮቹ ሲበሉ እጀታው በባዶ የሚሄድበት ስፍራ ይጠባል፤ ጨርሶ ሲጠፋ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላልም። ስለዚህ ማስተካከል ማለት ያን ባዶ ስፍራ መመለስ ነው እንጂ፣ አንዳንዱ እንደሚመስለው እጀታውን ማጥበቅ አይደለም። ደረቅ በሆነው ፍሪሲዮን ውስጥ ዘይት ሾልኮ ሲገባ ክፍሉን በነጭ ጋዝ ማጠብ የቆየ ብልሃት ነው፤ ዘይቱን የሚያግደው ካልተለወጠ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ቁልቁለት ነው። ክብደቱ መኪናውን ሲነዳው፣ ፍሬን ሳይያዝ የተለቀቀው ሰንሰለት ይፈጥናል፤ ነጂው ወደ ቀኝ ሲል ዶዘሩ ወደ ግራ ይዞራል። ዘንገና እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የዚህን ስሕተት ዋጋ ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልገውም።