የሐሺሽ ነገርና የወጣቶች አእምሮ

ሐሺሽ አእምሮን ያናውጻል የሚለው ነገር በግብፅና በሕንድ አገር ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ይህን ወሬ ወደ ሕክምና ምርመራ ካመጡት ሰዎች መካከል ቀደም ብሎ የሚጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ዦዜፍ ሞሮ ነው። ሞሮ ወደ ምሥራቅ አገሮች በተጓዘ ጊዜ የሐሺሹን ሥራ ተመለከተ፤ በኋላም ራሱ እየቀመሰ የሆነበትን ሁሉ ጽፎ በ1845 ዓ.ም. (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ሐሺሽና ስለ እብደት የሚናገረውን መጽሐፉን አሳተመ። ጤነኛ ሐኪም ለጥቂት ሰዓት የእብደትን መልክ በራሱ ላይ ቢያይ የሕሙማኑን ልብ ያውቃል የሚል አሳብ ነበረው። አሳቡ ብልህ ነው፤ የተከተለው ነገር ግን ከሕክምና ወጣ። በፓሪስ ወጣቶች ደራስያንና ሠዓልያን በአንድ አሮጌ ቤት እየተሰበሰቡ በጣፋጭ የተለወሰውን ሐሺሽ ለጨዋታ ይበሉት ጀመር። ከዚያ አልፎ አልፎ ይገኝ የነበረው ባለቅኔው ሻርል ቦድሌር በ1860 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ፥ ሐሺሽ የሰውን ፈቃድ እንደሚያደክም አስረድቶ ነቀፈው። ባለቅኔ እንዲህ ያለውን ጉዳት አስቀድሞ ማየቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

በሕንድ አገር የሆነው ግን ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። የእብዶች ቤቶች ሁሉ በሐሺሽ ጠጪዎች ተሞልተዋል የሚል ወሬ በርትቶ በእንግሊዝ ፓርላማ ጥያቄ ስለ ተነሣ፥ በ1893 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሲዮን ተሾመ። ኮሚሲዮኑ ከሺህ የሚበልጡ ምስክሮችን ሰማ፤ በ1892 ዓ.ም. ወደ እብዶች ቤት የገቡትን 1,344 ሕሙማንም በየስማቸው መረመረ። ከነዚህ 222ቱ በሐሺሽ ምክንያት አበዱ ተብለው ተመዝግበው ነበር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ መርማሪዎቹ የሕሙማኑን ዘመዶችና ጎረቤቶች ባስጠየቁ ጊዜ፥ ሐሺሹ ምክንያት ነው ሊባል የሚቻልባቸው 98 ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀረውስ ከየት መጣ? ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ ከፖሊስ አንድ ወረቀት ይመጣል፤ በወረቀቱም ላይ የእብደቱ ምክንያት የሚጻፍበት ስፍራ አለ። ምክንያቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ ባዶውን መተው ስለማይወደድ፥ ሰውየው ሐሺሽ ይጠጣ ነበር መባሉ ብቻ በቂ ሆኖ ይጻፋል። መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስተውለው መልካም ነው። ኮሚሲዮኑም በ1894 ዓ.ም. በመጠን መጠጣት አእምሮን እንደማይጎዳ፥ አብዝቶ መጠጣት ግን የአእምሮን ድካም እንደሚገልጥና እንደሚያብስ ወሰነ። ስንት ጠጣ ከሚለው ጥያቄ አጠገብ፥ በስንት ዓመቱ ጀመረ የሚለው ጎልቶ የወጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በስዊድን አገር ለውትድርና የተጠሩ ወጣቶች ስለ ልማዳቸው ተጠየቁ። ሐኪሞች የ45,570ውን ዕጣ እስከ 15 ዓመት ተከታትለው በ1987 ዓ.ም. ውጤቱን አወጡ፤ ከውትድርናው አስቀድሞ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ስኪዞፍሬንያ የተባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካላጨሱት ስድስት እጥፍ ይበልጥ ደርሶባቸዋል። የቀደመ የአእምሮ ችግራቸውና ሌላው ነገር በታሰበ ጊዜ ግን ልዩነቱ ወደ ሁለት እጥፍ ግድም ወርዷል። ይህንን ሁለተኛውን ቍጥር ሳይጠቅሱ ፊተኛውን ብቻ የሚያሰሙ አሉ፤ ይህም እንደ ሕንዱ ፖሊስ ወረቀት ያለ ነገር ነው።

ሆኖም አባትና እናት የሚጠይቁት ሌላ ነው። ልጁ ያዘነው ስላጨሰ ነውን፥ ወይስ ያጨሰው ስላዘነ? በአውስትራልያ በቪክቶርያ አገር ከ14 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው 1,600 ያህል ተማሪዎች ሰባት ዓመት ሙሉ ከታዩ በኋላ፥ በ2002 ዓ.ም. ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ወጣ። በየቀኑ በሚያጨሱ ወጣቶች ሴቶች ዘንድ ድብርትና ጭንቀት የመገኘቱ ዕድል ከአምስት እጥፍ በላይ ነበረ። አስቀድመው የተጨነቁትና ያዘኑት ልጆች ግን በዚያ ምክንያት ወደ ሐሺሹ ዘወር እንዳሉ አልታየም። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ 11 ምርመራዎችና 23,317 ሰዎች በአንድነት ሲመዘኑ፥ ከ18 ዓመት በፊት ያጨሱት በጎልማሳነታቸው ድብርት የሚያገኛቸው ዕድል በመቶ 37፥ ራስን የመግደል አሳብ የሚመጣባቸው ዕድል በመቶ 50 ከፍ ብሎ ተገኘ። በጭንቀት በኩል ግን የተረጋገጠ ልዩነት አልተገኘም። ከሚያጨሱት አብዛኞቹ እንደማይታመሙም መዘንጋት አይገባም፤ ማን እንደሚታመም ግን አስቀድሞ የሚለይ የለም።

ተክሉም ራሱ እንደ ነበረ አልቆየም። አእምሮን የሚያሰክረውን ነገር፥ ቲ.ኤች.ሲ. የተባለውን፥ ጋዖኒና መኩላም በእስራኤል አገር በ1964 ዓ.ም. ለይተው አወጡት። ከዚያ ወዲህ መለካት ተቻለ፤ በአሜሪካ ፖሊስ በያዘው ሐሺሽ ውስጥ በ1995 ዓ.ም. በመቶ 4 ያህል የነበረው፥ በ2014 ዓ.ም. በመቶ 12 ያህል ሆነ። የስዊድን ወጣቶች ያጨሱት ከነዚህ ሁሉ የቀደመው ነበረ።